ባሕር አይተው ለማያውቁ ልጆች የባሕር ጨዋታ በምን ይሠራል? (ሀዋሳ)

ቲቸር ኦ ክፍል፦

ሰላም ናችሁ? ሀዋሳ ውስጥ አንድ ትንሽ ኬጂ አስተምራለሁ። ልጆቼ አራትና አምስት ዓመት ናቸው። ሦስት በቅጡ ያልሞላቸውም አሉ፣ ምዝገባ ሲሆን ዕድሜ ላይ ትንሽ መጨመር ያለ ነው፣ ታውቁታላችሁ።

የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ርዕሳችን «ውቅያኖስና እንስሳቱ» ነው። ከመጽሐፉ የመጣ ነው እንጂ እኔ አልመረጥኩትም። መጽሐፉ ላይ ሥዕል አለ፤ ሻርክ፣ ኦክቶፐስ፣ ዓሣ ነባሪ፣ ኤሊ። ልጆቹ ከለር ይቀቡና አለቀ። ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። የአራት ዓመት ልጅ ነገርን የሚያውቀው በእጁ ነው፤ ነክቶ፣ አሽትቶ፣ ደፍቶ፣ አንኳኩቶ። ሥዕሉን ሳሳያቸው አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቲቸር፣ ጉማሬው የታለ?» ልጁ እውነቱን ነው። እሱ የሚያውቀው ትልቅ ውሃ ሐይቁን ነው፣ ሐይቁ ደግሞ ጉማሬ አለው።

ኢንተርኔት ላይ «ሴንሰሪ ፕሌይ» (በመንካት፣ በማሽተት፣ በመስማት የሚማሩበት ጨዋታ) ብዬ ስፈልግ የሚመጣው ሁሉ ያምራል። ሳጥን ሙሉ ሰማያዊ የተነከረ ሩዝ፣ የፕላስቲክ የባሕር እንስሳት፣ የፂም መላጫ አረፋ፣ ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡ ትንንሽ ዶቃዎች። በማን ብር? አምስት ኪሎ ሩዝ ቀለም ነክሬ ልጆች እንዲበትኑት ባደርግ ከዳይሬክተሯ በፊት የምታባርረኝ እናቴ ናት።

ችግሬን ልናገር። ክፍሌ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ልጆች አሉ፣ ረዳቷ አንድ ናት። ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፣ ስለዚህ «ገንዳውን ሙሉና» የሚል ምክር አይሠራልኝም። ልጁ ልብሱን አርጥቦ ቤት ሲደርስ የሚቆጡ ወላጆችም አሉ። ሌላው ደግሞ አንድ ልጅ አለኝ፣ እርጥብ ወይም የሚያጣብቅ ነገር እጁን ሲነካው ያለቅሳል፣ ሙጫ እንኳ አይነካም። ሌሎቹ ሲጫወቱ እሱ ጥግ ይዞ እንዲቆም አልፈልግም።

ከቤትና ከገበያ በሚገኝ ነገር ምን ልሥራ? የሐይቁን ውሃና አሸዋ በጀሪካን አስመጥቼ ሳፋ ላይ ባደርግላቸውስ ብዬም አስቤአለሁ። የሞከራችሁት ካለ ጣል አድርጉልኝ።

ሐይቅ ዳር፦

ቲቸር፣ ጉማሬ የጠየቀውን ልጅ ሳሚልኝ። መነሻሽ እሱ ነው። እኔም ኬጂ አስተምሬአለሁ፣ አሁን ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ነው የማሳድገው። ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሐይቁ ጀምሪ። ሐይቁ ዳር ያለው መዝናኛ፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ያልሄደ የሀዋሳ ልጅ የለም። መጀመሪያ «ሐይቁ ዳር ምን አለ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ጀልባ፣ ዓሣ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ፣ ሣር፣ ጉማሬ ይሉሻል። ከዚያ «ባሕር ከሐይቃችን በምን ይለያል?» በይ። መልሱ ብዙ ነው፣ ለአራት ዓመት ልጅ ግን አንዱ ይበቃዋል፤ ጨው።

ሁለት ጆግ ውሃ አቅርቢ። አንዱ ውስጥ ምንም አትጨምሪ፣ እሱ ሐይቁ ነው። የእኛ ሐይቅ የሚታይ መውጫ ወንዝ ባይኖረውም ውሃው ጨው አይልም። ሌላው ጆግ ባሕሩ ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ በማንኪያ ሲሆን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ልሙጥ ማለት ነው። ልጆቹ ራሳቸው ይጨምሩ፣ ራሳቸው ያማስሉ። ማንም እጁን ሳይነክርበት በንጹህ ማንኪያ ጠብታ ጠብታ ምላሳቸው ላይ አድርጊላቸው። የፊታቸውን መጨማደድ ታይዋለሽ፣ ከዚያ በኋላ ባሕር ምን እንደሆነ አይረሱትም።

ከዚያ እንቁላል። ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ይሰምጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፣ ብዙ ሰው የባሕር ውሃ እንቁላል ያንሳፍፋል ይላል፣ በባሕር ልክ ባጨየሽው ውሃ ግን ትኩስ እንቁላል አይንሳፈፍም። ለአንድ ሊትር እስከ ሰባትና ስምንት የሾርባ ማንኪያ ጨው ትፈልጊያለሽ። ስለዚህ ጨዋታ አድርጊው፤ አንድ ማንኪያ ይጨመርና «ተነሣ?» «አልተነሣም!» እየተባባሉ ይቀጥሉ። እንቁላሉ ከታች ሲነቃነቅ ክፍሉ በጩኸት ይናወጣል። ያን ውሃ ታዲያ አበባ ላይ እንዳትደፊው፣ ያደርቅብሻል።

አሞሌ ጨው ገበያ ታገኛለሽ። አንድ ቁራጭ ግዢና እጃቸው ላይ አድርጊ። ይፈቅፍቁት፣ ይላሱት፣ በማንኪያ ይፋቁት፣ ሲንኳኳ የሚሰጠውን ድምፅ ይስሙ። አሞሌ የሚመጣው ከአፋር፣ ከደናክል ነው። ያ ቦታ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ነበር፣ ውሃው ደርቆ ጨዉ ቀረ። ስለዚህ ልጁ የያዘው የደረቀ ባሕር ነው። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ከየት ታመጫለሽ?

ቤት ውስጥ አገልግል ያለው ሰው ካለ ደግሞ ይዘሽ ሂጂ። ጌጡ ላይ የተሰፋው ዛጎል የባሕር እንስሳ ቤት ነው፣ ድሮ ከሕንድ ውቅያኖስ በንግድ ነው የሚመጣው። ልስላሴውን በጣታቸው ያዩታል፣ ከሥር ያለውን ጥርስ ጥርስ የመሰለውን መሰንጠቂያም ይነካሉ። ልጅ ይህን ሲነካ ዝም ይላል፣ አስተውይ።

ለሰማያዊ ቀለም የምግብ ቀለም ካላገኘሽ ቀዩን ጥቅል ጎመን ከትፈሽ ቀቅይው። ውሃው ሐምራዊ ይሆናል። ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ስትጨምሪበት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ሎሚ ጠብ ስታደርጊበት ሮዝ ይሆናል። ትንሽ የጎመን ሽታ አለው፣ ልጆቹ ግን ቀለሙ ሲለወጥ ሽታውን ይረሱታል።

ስለ ብዛታቸው፦ ሠላሳ ሁለቱን በአንዴ እርጥብ ጨዋታ ላይ አታስገቢ። አራት ጠረጴዛ አድርጊ፣ እርጥቡ አንዱ ብቻ ይሁን። ስምንት ስምንት እየሆኑ ይዟዟሩ። ግማሽ ሳፋ ውሃ፣ ስፖንጅ፣ ጭልፋ፣ ኩባያ፣ ወንፊት ይበቃል። ውሃው መጨረሻ ላይ ወለል ያጥብልሻል።

እማማ አሰብ፦

ልጆቼ ሰላም ዋሉ። እኔ የምጽፈው የልጅ ልጄ እያስተየበችልኝ ነው። ሩዝ ቀለም መንከር የሚባለውን ነገር ተዉት እባካችሁ። እህል አይረገጥም፣ አይበተንም። ሕፃን እህል መሬት ላይ ሲበተን አይቶ ካደገ በኋላ ምን ትነግሩታላችሁ?

ግን እህል ሳይባክን ባሕርን ማሰማት ይቻላል። እኔ ባሕር አውቃለሁ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና አሰብ ወደብ ነበር የሚሠራው፣ ብዙ ዓመት እዚያ ኖረናል። ማታ ሙቀቱ ሲያስጨንቀን ደጅ አንጥፈን እንተኛ ነበር፣ ማዕበሉ ሲመጣና ሲመለስ ይሰማናል። አገሬ ተመልሼ ምስር ሳንገዋልል ድምፁ ያው ሆነብኝ።

ሰፌድ ላይ አንድ ኩባያ ምስር አድርጊ። ማሽላም ይሆናል፣ ጤፍ ግን ድምፁ ይቀጥናል። በሁለት እጅሽ ያዢውና ቀስ ብለሽ ወደ አንድ ወገን አዘንብይው፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ችኩል አትበይ። ሽ... ብሎ ይሄዳል፣ ሽ... ብሎ ይመለሳል። ልጆቹን ዓይናችሁን ጨፍኑ በያቸው። ዳሩ ከፍ ያለ ሰፌድ ከሌለሽ ወንፊት ይሻላል፣ አይፈስም። ሲያበቃ ምስሩ ታጥቦ ወጥ ይሠራበታል፣ ምንም አልባከነም።

ሌላ ደግሞ፣ ባሕር ገብተሽ ስትወጪ ገላሽ ላይ የሚቀረው ጨው ነው። ሲደርቅ ነጭ ይሆናል፣ ቆዳሽን ይወጥረዋል። ይህን ለልጆቹ ማሳየት ከፈለግሽ ጨው የበዛበትን ውሃ ጥቁር ሳህን ላይ ስስ አድርገሽ ፀሐይ ላይ አስቀምጪ። የሀዋሳ ፀሐይ ከሆነ ብዙ አያቆይሽም። የሚቀረውን ነጭ ነገር በጣታቸው ይፈቅፍቁት። አሰብም ጨው እንዲህ ነበር የሚመረተው፣ ሜዳ ላይ።

ነርስ ነኝ፦

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። የሰፌዷን ነገር እኔም ቤቴ እሞክራታለሁ።

ቲቸር፣ አንቺን ግን ሦስት ነገር ላይ ላስቁምሽ።

አንደኛ፣ የሐይቁን ውሃና እርጥብ አሸዋ በጀሪካን ማምጣቱን ተዪው። ሐይቃችን ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ በትንሽ ትል የሚመጣ በሽታ ነው። ትሉ ውሃ ውስጥ ካለው ቀንድ አውጣ ይወጣና ቆዳ በስቶ ይገባል፣ መጠጣት አያስፈልገውም፣ እጅ መንከር ይበቃዋል። ልጆቹን ሐይቅ ዳር ስትወስጂያቸውም ይመልከቱ እንጂ እግራቸውን አይንከሩ። ከዳር የተለቀመ ባዶ የቀንድ አውጣ ቤት ካስፈለገሽ ባዶነቱን አረጋግጪ፣ ቀቅይው፣ አድርቂው። አሸዋም ከግንባታ ዕቃ ቦታ ገዝተሽ ደጋግመሽ እጠቢውና ፀሐይ ላይ አስጪው። የቧንቧ ውሃ ይብቃሽ።

ሁለተኛ፣ የሚያብጡት ዶቃዎች። በጭራሽ! ለአበባ ማስቀመጫ ተብለው እኛም ገበያ ይሸጣሉ፣ ከረሜላ ይመስላሉ። ልጅ ከዋጣቸው ሆድ ውስጥ ውሃ እየሳቡ ያብጣሉ፣ አንጀት ይዘጋሉ። ኤክስሬይ ላይም ብዙ ጊዜ አይታዩም፣ ሐኪሙ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሰዓት ይሄዳል። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ቸርቻሪዎች እነዚህን ለልጅ መጫወቻነት መሸጥ እናቆማለን ብለዋል። እኛ ገና የምንገዛበት ምክንያት የለም።

በዚያ ምትክ ተልባ አለልሽ። አንድ ጭብጥ ተልባ በሦስት አራት ኩባያ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ አፍይና ትኩስ እያለ አጥልይው። የሚያሟልጭ፣ የሚጎተት ነገር ይወጣልሻል። ሲበርድ ትንሽ ሰማያዊ ጨምሪበት፣ የጄሊፊሽ (አጥንት የሌለው ልስልስ የባሕር እንስሳ) ገላ ነው በያቸው። ቢቀምሱትም ጉዳት የለውም። እማማ አንድ ጭብጥ ይፈቅዱልናል ብዬ አስባለሁ።

የፂም መላጫ አረፋም አያስፈልግም። ሳፋ ውስጥ ጥቂት ውሃና ዓይን የማያቃጥል የሕፃናት ፈሳሽ ሳሙና አድርጊና በእንቁላል መምቻ ምቺው። የማዕበል አረፋ ይሆናል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን አይሆንም፣ እጃቸውን ይበላል።

ሦስተኛ፣ ውሃ ያለበት ሳፋ አጠገብ ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ይኑር። ሕፃን አምስት ሴንቲሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፣ ድምፅም አያሰማም። ጨዋታው እንዳለቀ ውሃውን ድፊ፣ ለነገ ብለሽ አታስቀምጪ። ዛጎልና ጠጠርን በተመለከተ ደግሞ የሶፍት መሐሉ ላይ ያለውን የካርቶን ቱቦ ውሰጂ። በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለትንንሾቹ አገልግሉ ላይ የተሰፋውን እንዳለ አስነኪያቸው፣ የተፈታውን አትስጫቸው።

የሰፈሩ ልጅ፦

እንዶድስ? አያቴ ጋር ገጠር ስንሄድ በእንዶድ ነው ልብስ የሚታጠበው፣ አረፋው ጉድ ነው። ነጻም ነው።

ነርስ ነኝ፦

ለልጆች አይሆንም። እንዶድ ቢውጡት መርዝ ነው፣ ዓይንም ያቃጥላል። የሚገርመው ግን ከላይ ካነሣሁት ነገር ጋር ይገናኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዚያውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ተክል የተገኘው እንዲህ ነው። ለትልልቆቹ ተማሪዎች ብትነግሯቸው ጥሩ ታሪክ ነው፣ ኬጂ ውስጥ ግን እንዶድ አይግባ።

ቲቸር ኦ ክፍል፦

ኧረ ተባረኩ! እማማ፣ ሰፌዷን ዛሬ ቤት ሞከርኳት፣ ታናሽ እህቴ «ዝናብ ጣለ እንዴ?» አለችኝ። ነርስ፣ የሐይቁን ውሃ ትቼዋለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ያ እርጥብ የማይወደው ልጅ። ሌላው፣ እውነተኛ ዓሣ ክፍል ውስጥ ማስገባት ያስኬዳል? ሽታው ያስፈራኛል።

የአሞራ ገደል ልጅ፦

ዓሣውን ለእኔ ተዪልኝ፣ እዚያው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነው የምሠራው 😄

ጠዋት ነይ። ፀሐይ ሳይበረታ። ፊሌቶ እንዳትገዢ፣ እሱ ሥጋ ብቻ ነው፣ ልጅ ምን ያይበታል? ሙሉ ቆሮሶ አንድ፣ ትንሽ አምባዛ አንድ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ ከጭራ ወደ ራስ ሲዳብሱት ይቧጥጣል፣ ከራስ ወደ ጭራ ሲሆን ይለሰልሳል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ያሟልጫል፣ አፉ ዙሪያ እንደ ድመት ጢም አለው። ልጆቹን «የትኛው ነው የሚሻክረው?» ብለሽ ዓይናቸውን ሸፍነሽ አስነኪ። ተጠንቀቂ ታዲያ፣ የቆሮሶ የጀርባው ክንፍ እሾህ ነው፣ አምባዛም ጎኑ ላይ ያለው ይወጋል። እዚሁ በመቀስ አስቆርጪው፣ ልጆቹን ብለን በነጻ እንሠራልሻለን።

ታሪክም አለ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አምባዛ ደግሞ ከውኃ ወጥቶም አየር መተንፈስ ይችላል፣ ለዚህ ነው አሸዋ ላይ ጥለነው ሰዓት ሙሉ የሚንፈራገጠው። ልጆች ዮናስን ያውቃሉ፣ ሙስሊሞቹም ነቢዩ ዩኑስን ያውቃሉ፣ ዓሣ አፍ ውስጥ ስለመግባት ብታወሪላቸው ጸጥ ብለው ይሰሙሻል።

እርግጥ ሁለቱም የሐይቅ ዓሣ ናቸው፣ የባሕር አይደሉም። እንደ ባሕር ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ አይኖሩም ብለሽ ንገሪያቸው፣ ከጆጎቹ ጋር ይገጥምልሻል። ክንፍ፣ ስንጥብ፣ ጭራው ግን ያው ነው።

ሽታው በረዶ ላይ ካስቀመጥሽው ለአንድ ሰዓት አያስቸግርም። ሲያልቅ እጃቸውን መጀመሪያ በሎሚ ከዚያ በሳሙና። ዓሣውን ቀለም ቀብተሽ ስስ ወረቀት ጫኝበት፣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይታተማል። የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ድሮ የያዙትን ዓሣ የሚመዘግቡት እንዲህ ነው ይባላል። ቀለም የነካውን ግን አትጥበሺው በእናትሽ።

ከአዳማ፦

እህቴ፣ ስለ ልጁ ልጻፍልሽ። እኔ አዳማ ነኝ፣ የእኔም ልጅ እንደዚያ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ያንቺ ተማሪ ኦቲዝም አለበት ማለቴ አይደለም፣ እርጥብ የማይወድ ልጅ ብዙ ነው። ግን የሚሠራው ነገር አንድ ዓይነት ነው።

ዋናው ነገር እጁን ይዘሽ እንዳትነክሪው። «ንካው፣ ምንም አይልህም» እያሉ መግፋት ነገሩን ያብሰዋል፣ በሚቀጥለው ቀን ጠረጴዛው ጋ አይደርስም። ለእሱ ያ ነገር ምቾት መንሣት ብቻ አይደለም፣ እንደ ሕመም ሊሰማው ይችላል፣ አስመስሎ አይደለም የሚያለቅሰው። ስለዚህ መጀመሪያ ደረቅ ባሕር ስጪው። ከላይ የተባለው ሰፌድ ለእሱ ነው የተሠራው! የሰፌዱ ሹም አድርጊው፣ ማዕበሉን የሚያመጣው እሱ ይሁን። ጥግ የሚቆመው ልጅ መሐል መጣ ማለት ነው።

ከዚያ በመካከል የሆነ ነገር ይግባ። የተልባውን ጄሊ በሚታሸግ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጊና ጠርዙን በፕላስተር ድገሚው። ውስጡ ከፕላስቲክ የተቆረጠች ዓሣ አስገቢ። በጣቱ ከላይ ይገፋታል፣ ትዋኛለች፣ እጁ ግን አይረጥብም። የሃይላንድ ጠርሙስም አለ። ሁለት እጁን ሰማያዊ ውሃ፣ አንድ እጁን ዘይት ሙይና ክዳኑን በማጣበቂያ ድፈኚው። ሲያዘነብለው ማዕበሉ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዘይት እንደተወደደ አውቃለሁ፣ በትንሿ ጠርሙስ አንድ ብትሠሪ ለክፍሉ ሙሉ ይዳረሳል። የእኔ ልጅ ሲጨነቅ ዛሬም እሷን ነው የሚይዘው።

ውሃው ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ጭልፋ ወይም ረጅም ማንኪያ ስጪው፣ ፎጣ አጠገቡ ይቀመጥ። ሲረጥብ ወዲያው መጥረግ እንደሚችል ካወቀ ድፍረት ያገኛል። «አሁን ሁለት ጊዜ ትቀዳና ይበቃሃል» ብለሽ መጨረሻውን አስቀድመሽ ንገሪው። ባይነካም አይንካ። በተረፈ ችግሩ ሙጫና ውሃ ላይ ብቻ ካልሆነ፣ ማለትም ልብስ ሲቀየር፣ ፀጉር ሲቆረጥ፣ ምግብ ሲበላ ሁሉ የሚያስቸግር ከሆነ እናቱን ለብቻ አናግሪያት። በክፍሉ ፊት አይሁን፣ «ልጅሽ ችግር አለበት» ብለሽም አትጀምሪ። ያየሽውን ብቻ ንገሪያት።

ሐይቅ ዳር፦

ከአዳማ፣ እግዜር ይስጥልን። የሰፌዱ ሹም የሚለውን ወድጄዋለሁ።

ስለ ልብሱ አንድ ልጨምር። እርጥቡን ጨዋታ ዓርብ አድርጊው። ሐሙስ ደብተራቸው ላይ «ነገ በውሃ ስለምንጫወት መቀየሪያ ቲሸርት ይላክ» ብለሽ ጻፊ። የሚቆጣ ወላጅ የሚቆጣው ድንገት ሲሆንበት ነው። ያልተላከለት ልጅ አይጠፋም፣ ለእነሱ ትልልቅ ፌስታል ለአንገትና ለእጅ ቀደሽ ሽርጥ አድርጊላቸው፣ አንቺው አልብሺያቸው፣ ሲያልቅም ሰብስቢ እንጂ እጃቸው ላይ አይቅር።

የሰፈሩ ልጅ፦

እንዶዴ ባይሳካም ሌላ አለኝ። ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ እስከ 30 ሜትር ይረዝማል። 30 ሜትር ገመድ ገዝታችሁ ግቢው ውስጥ ዘርጉት። ልጆቹ ከራስ እስከ ጭራ በባዶ እግራቸው ገመዱ ላይ ይሂዱ፣ ከዚያ ሁሉም በተርታ ይተኙበት። ሠላሳ ሁለት ልጅ ይሞላው ይሆን?

ነርስ ነኝ፦

የአራት ዓመት ልጅ ቁመት አንድ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሊገጥም ይችላል 😄 በዚያውም ዓሣ ነባሪ ዓሣ እንዳልሆነ፣ ልጁን የሚያጠባ እንደሆነ ንገሪያቸው። መሬቱን ግን መጀመሪያ አስጠርጊው፣ ባዶ እግር ነው፣ ጠርሙስ ስባሪ አይጠፋም።

ቲቸር ኦ ክፍል፦

የእኛ ግቢ 30 ሜትር የሚሆን አይመስለኝም። በአጥሩ ዙሪያ ባጥፈውስ?

የሰፈሩ ልጅ፦

ካጠፍሽው ርዝመቱ አይገባቸውም። ከበሩ ውጪ ያለው የኮብልስቶን መንገድ ባጃጅ ካልበዛበት እዚያ ዘርጊው። ዘበኛውን አንዱ ጫፍ ላይ አቁሚ፣ ረዳትሽን ሌላው ላይ። ገመዱን ከግንባታ ዕቃ መሸጫ በሜትር ይቆርጡልሻል።

የአሞራ ገደል ልጅ፦

ገመድ አትግዢ። የጀልባ ገመድ አለን፣ ዓሣውን ልትወስጂ ስትመጪ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ቅዳሜ መልሺልኝ። ቅዳሜ ግን እንዳታሳልፊው፣ ሥራ አለን።